መምህርቷ ስትጽፍ ልጁን ማን ያየዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አምድ

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ፣ በተከራየነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አስተዳድራለሁ። ከነርሰሪ እስከ ዩኬጂ 4 ክፍሎች ሲኖሩን በየክፍሉ 23፣ በድምሩ 92 ልጆች ይማራሉ፤ 4 መምህራንና 5 ሞግዚቶችም አሉን። ሥራውን ስንጀምር የልጆቹን ውሎ የምንመዘግበው በአንድ ደብተር ብቻ ነበር። ወላጆች ሲበዙ፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚሠሩትን ስንሰማ፣ ተቆጣጣሪዎችም መጥተው ሲጠይቁን፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ነገር እየጨመርን እዚህ ደርሰናል። ዛሬ እያንዳንዷ መምህርት፣ ስም ጥሪውን ሳንቆጥር፣ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ትጽፋለች፤ የ23ቱንም ልጆች የመገናኛ ደብተር በየቀኑ ትሞላለች፤ በየሳምንቱ ዓርብ ለእያንዳንዱ ልጅ 40 ነጥቦች ያሉት ቼክሊስት ታጠናቅቃለች፤ በየቀኑ ለክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ፎቶ ትልካለች፤ የልጆቹን ሥዕልና የሥራ ወረቀት በየስማቸው ፋይል ታደርጋለች። በየሩብ ዓመቱ ደግሞ የውጤት ካርድ አለ።

በቅርቡ ከሁሉም የምትሻለዋ መምህርቴ ሥራ ለቀቀች። ምክንያቷን ስጠይቃት «ልጆቹ አልከበዱኝም፤ የከበደኝ ወረቀቱ ነው» አለችኝ። የትምህርት ቤቱ ባለቤቶች ታብሌት ገዝተን በመተግበሪያ ብንሠራ ይቀልላል ይላሉ። እኔ አንዳንዱን ማስቀረት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ወላጅ «ልጄን አትከታተሉም» ተቆጣጣሪም «ማስረጃችሁ የት አለ?» ይሉኛል ብዬ እሰጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ

ከመቁጠር ይጀምሩ። ማንኛውንም ወረቀት ከማስቀረትዎ በፊት፣ ለአንድ ሳምንት ያህል መምህራኑ በእያንዳንዱ የመዝገብ ሥራ ላይ ስንት ደቂቃ እንዳጠፉ በትንሽ ወረቀት ላይ እንዲይዙ ያድርጉ፤ ማንንም ለመውቀስ እንዳልሆነም አስቀድመው ይንገሯቸው። እስከዚያው ድረስ እኔ በደብዳቤዎ ላይ ተመሥርቼ በግምት ላስላው። የ23 ልጆች 40 ነጥብ ማለት በሳምንት 920 ምልክት ነው፤ ለአንዱ 10 ሰከንድ ብቻ ብንሰጠው እንኳ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። የመገናኛ ደብተሩ ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 46 ደቂቃ፣ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ሊጠጋ ነው። ፎቶ ማንሳቱ፣ መምረጡና መላኩ በቀን 25 ደቂቃ፣ የዕለት ዕቅዱ 30 ደቂቃ ቢወስዱ ሁለቱ ተደምረው በሳምንት ከ4 ሰዓት ተኩል ይበልጣሉ። ሁሉም አንድ ላይ ወደ 11 ሰዓት ነው። አራቱ መምህራን ሲደመሩ 44 ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ እርስዎ ሳያስቡት አንድ መምህርት ቀጥረው፣ ደመወዝ እየከፈሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ልጅ ሳታይ ወረቀት ብቻ እንድትሞላ አድርገዋል ማለት ነው። ሲለኩት ቁጥሩ ከእኔ ግምት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለባለቤቶቹ የሚያቀርቡት ግን ያንን የለኩትን ቁጥር ይሁን፤ ምክንያቱም «መምህራኑ ደክመዋል» የሚለው አቤቱታ ከዓመት ዓመት ሲሰማ የኖረ ሲሆን፣ «በሳምንት 44 ሰዓት ደመወዝ የምንከፍለው ለወረቀት ነው» የሚለው ግን ያስደነግጣል።

ከዚያ እያንዳንዱን መዝገብ በየተራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ይህን የሚያነበው ማን ነው? ካነበበ በኋላስ ምን ያደርጋል? ለሁለቱም መልስ የሌለው ወረቀት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ መቆየት አይገባውም።

በዚህ ሚዛን መጀመሪያ የሚወድቀው ሳምንታዊው ቼክሊስት ነው። የ4 ዓመት ልጅ በአንድ እግሩ መዝለል፣ ቀለም መለየት ወይም ተራ መጠበቅ የሚማረው በወራት እንጂ በሳምንት አይደለም፤ ስለዚህ ያለፈው ዓርብ ቅጽና የዚህኛው ዓርብ ቅጽ አንድ ዓይነት መሆናቸው አይቀርም። ይህን የምለው ከላይ ሆኜ ለመፍረድ አይደለም። እኔም በመምህርነቴ ዘመን የ30 ልጆች ቅጽ ዓርብ ማታ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እሞላ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጆሮ ደግፍ ይዞት ሳምንቱን ሙሉ ያልመጣ ልጅ በእኔ እጅ «በአንድ እግሩ ይዘላል» ተብሎ ምልክት አግኝቷል። ማንም አላስተዋለም፤ ምክንያቱም ማንም አላነበበውም።

የዚህ ሥራ ትልቁ ኪሳራ ግን የሰዓቱ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በለገጣፎ አቅጣጫ ወደሚገኝ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሄጄ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንድ ልጅ ምንጣፉ ጥግ ላይ ቆርኪ ይደረድራል። የለስላሳውን ለብቻ፣ የቢራውን ለብቻ ካደረገ በኋላ የቢራዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ መቁጠር ጀመረ፤ «አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት» አለና ቆመ፤ ቆርኪውን አየው፤ ከዚያ ወደኋላ ተመልሶ «ሰባት» ብሎ አስተካክሎ እስከ ዘጠኝ ደረሰ። መምህርቷ ከእሱ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ አንገቷን ደፍታ የዓርብ ቅጿን ትሞላ ነበር። በኋላ ቅጹን ሳየው የዚያ ልጅ ስም ትይዩ «ከ1 እስከ 10 ይቆጥራል» በሚለው ላይ የትክክል ምልክት አለ። ምልክቱ ስህተት አልነበረም፤ ግን ከዚያ ቀን ጨዋታ ያየሁትን ምንም አልያዘም። ቁጥርን እንደ መዝሙር በቃል የሚወርድ ልጅና እያንዳንዱን ዕቃ ከአንድ ቁጥር ጋር የሚያያይዝ ልጅ በቼክሊስት ላይ አንድ ናቸው፤ ለነገ ትምህርት ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

በዚያ ቅጽ ፋንታ መምህርቷ በኪሷ ትንሽ ማስታወሻ ይዛ «9 ቆርኪ እየነካ ቆጠረ፤ ሰባትን ዘለለ፤ ራሱ አረመ፤ ነገ 12 ልስጠው» ብላ ብትጽፍ፣ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም ባልፈጀ ነበር፤ የሚያነበውም እሷው ራሷ፣ የምታደርገውም ነገር እዚያው ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ለ23ቱም በየቀኑ ይጻፍ አልልም። በእንግሊዝ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት እንደሚያደርጉት፣ መምህርቷ በየሳምንቱ 4 ልጆችን መርጣ እነሱን በተለይ ትከታተል፤ ለእያንዳንዳቸው ሦስት አጫጭር ማስታወሻ ትያዝ፤ በሳምንቱ መጨረሻ 20 ደቂቃ ወስዳ ማስታወሻዎቹን አገናዝባ ስለ ቀጣዩ እርምጃ ሁለት ሁለት መስመር ትጻፍ። በዚህ አካሄድ 23ቱ ልጆች በ6 ሳምንት ይዳረሳሉ፤ ከሩብ ዓመቱ የሚተርፉት ሳምንታት ደግሞ አንድ ነገር ያሳሰባትን ልጅ ደግማ ለማየት ይሆኗታል። ከመስማት፣ ከመናገር ወይም ከባሕርይ ጋር የተያያዘ ስጋት ካለ ግን ተራው እስኪደርስ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይጻፋል፣ ለእርስዎም ይነገራል። አርባ ነጥቡን ቼክሊስት በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ፣ የውጤት ካርዱ በሚዘጋጅበት ሰሞን ብቻ ያውጡት።

በዚህ ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚዘነጉትን አንድ ነገር ልጨምር። አምስቱ ሞግዚቶችዎ ልጆቹን መጸዳጃ ቤት፣ ምሳ ላይ፣ እንቅልፍ ሲነሡ፣ ሰርቪስ ሲጠብቁ ያዩአቸዋል፤ መምህርቷ የማታየውን ያያሉ። አንዳንዶቹ መጻፍ አይቀናቸው ይሆናል፤ እንዲጽፉ አይጠየቁ፣ ይናገሩ፤ መምህርቷ ትጻፈው። በእናንተ አካባቢ ደግሞ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ብዙ ልጆች ይኖራሉ። በአማርኛ ትምህርት ላይ ዝም የሚለው ልጅ በመዝገብ ላይ «ንግግሩ ዘግይቷል» ተብሎ ተጽፎ፣ ኦሮምኛ ከምትችለው ሞግዚት ጋር ግን ምሳ ላይ ሲያወጋ የሚውል ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። እሷን ጠይቆ አንድ መስመር መጻፍ አርባውን ነጥብ ያስንቃል።

የመገናኛ ደብተሩን ሙሉ በሙሉ አያስቀሩት፤ የሚጻፍበትን ምክንያት ግን ያጥብቡት። ልጁ ከወደቀ፣ ካተኮሰው፣ ምግብ ካልበላ፣ መድኃኒት ከተሰጠው፣ ከቤት የሚፈለግ ነገር ካለ ይጻፍ። «ዛሬ ደስ ብሎት ዋለ፤ ጎበዝ ነው» የሚለውን ለ23 ልጆች መገልበጥ የመምህርቷን እጅ ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም፤ ወላጅም በሦስተኛው ሳምንት ማንበቡን ይተወዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ «ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር፤ ማታ ይከታተሉት» የሚለው እውነተኛ መልእክት በየቀኑ በሚመጣው ባዶ ሙገሳ መካከል ጠፍቶ ሳይነበብ መቅረቱ ነው።

ስለ ቴሌግራሙ በግልጽ ልናገር፤ እሱ የትምህርት መዝገብ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ መሥራት ነውር የለውም፤ ከመምህርት የማስተማሪያ ሰዓት ላይ ተቀንሶ ሲሠራ፣ ያውም በገዛ ስልኳና በገዛ የዳታ ጥቅሏ ሲሆን ግን ነውር ነው። በዚያ ላይ ፎቶው ከ20 በላይ ቤተሰብ ባለበት ቡድን ውስጥ ሲገባ የሌላውንም ሰው ልጅ ይዞ ነው የሚገባው፤ ከዚያ ወዴት እንደሚተላለፍ የሚያውቅ የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የልጆችን ምስል በዘፈቀደ ማሰራጨት በመልካም ፈቃድ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። በትምህርት ቤቱ ስልክ፣ የጽሑፍ ፈቃድ ከሰጡ ወላጆች ልጆች ብቻ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ፎቶዎች ይላኩ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ስም ጥሪው እንዳለ ይቆይ፤ እሳት ቢነሣ ማን ግቢ ውስጥ እንዳለ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። በፋይሉ ውስጥ በሩብ ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ከቀን ጋር ይግባ፤ የቀረው ለልጁ ወደ ቤቱ ይሰጠው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃውን ትምህርት የ2 ዓመት አድርጎታልና፣ ልጁ ሲጨርስ ለአንደኛ ክፍል መምህሩ የሚጠቅመው ወፍራም ፋይል ሳይሆን በደንብ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። የትምህርት ዕቅዱን በተመለከተ፣ የወረዳው ሱፐርቫይዘሮች ዕለታዊውን የሚጠይቁ ከሆነ ሳያማክሯቸው አይንኩት፤ ከፈቀዱ ግን የሳምንቱ ዕቅድ በአንድ ሰዓት ተጽፎ በየቀኑ 5 ደቂቃ ማስተካከያ ቢደረግበት በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ይተርፋል።

እንደገና ሳሰላው፣ ከሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሰሞን በቀር፣ የአንዷ መምህርት የመዝገብ ሥራ ከ11 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ይህ 3 ሰዓት ግን ከሰማይ አይወርድም፤ በሥራ ሰዓት ውስጥ ቦታ ካልተሰጠው ተመልሶ ወደ መምህርቷ ቤት ይሄዳል። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲተኙ፣ ሞግዚቷ ክፍሉ ውስጥ ነቅታ እየጠበቀች፣ መምህርቷ በሳምንት 4 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መጻፍ ትችላለች፤ አምስተኛው ቀን ግን የራሷ ዕረፍት ነው። ይህ 2 ሰዓት ነው። የቀረውን እርስዎ ይስጧት፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ40 ደቂቃ ክፍሏን ራስዎ ይያዙላት፤ እሷ ቢሮዎ ውስጥ በሩን ዘግታ ትጻፍ። ለአራቱ ክፍሎች ከእርስዎ የሚጠየቀው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። «ጊዜ የለኝም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሥራ አስኪያጅ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ23 ሕፃናት ጋር ምንጣፍ ላይ ስትቀመጥ የትኛው ቅጽ ከንቱ እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመምህራን ከማስተማሪያ ሰዓታቸው ቢያንስ 10 በመቶው ለዕቅድ፣ ለዝግጅትና ለምዘና እንዲሰጥ የሆነው ይኸው ሥራ ከመምህሩ ምሽት ላይ እየተወሰደ ስለነበር ነው።

ታብሌቱን ለጊዜው ይተውት። 920 ምልክት በወረቀት ቢደረግ በመስታወት ላይ ቢደረግ ያው 920 ነው፤ በዚህ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ አማርኛ በስልክ መጻፍ ያልለመደች መምህርት በእስክሪብቶ ከምትጽፈው ሁለት እጥፍ ትቆያለች። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል። መዝገቡን ከቀነሱ በኋላ አሁንም የሚያስፈልግ መስሎ ከታየ፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራት መቻሉንና ትምህርት ቤቱ ውሉን ቢያቋርጥ የልጆቹ መረጃ የማን እጅ ላይ እንደሚቀር ጠይቀው ይግዙ።

የተቆጣጣሪዎቹን ነገር በተመለከተ፣ ከልምድ እንዳየሁት፣ ብዙው ወረቀት የተፈጠረው በተጠየቀ ሳይሆን «ቢጠይቁንስ» በሚል ፍርሃት ነው። የኢንስፔክሽን መመዘኛውን በእጅዎ ያድርጉና እያንዳንዱን መዝገብ ከየትኛው ነጥብ ጋር እንደሚገናኝ በጎኑ ይጻፉበት፤ ከምንም ጋር የማይገናኘው ብዙ ሆኖ ቢያገኙት አይደነቁ። ግልጽ ያልሆነውን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስቀምጡት። ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል፣ በእንግሊዝ ከልደት እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚያገለግለው ብሔራዊ ማዕቀፍ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ልጆቹ በመጨረሻ የሚመዘኑባቸው ግቦች 69 ነበሩ፤ በ2012 ወደ 17 ዝቅ ተደረጉ፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ መምህራን ስለ ልጁ የሚያውቁትንና ሙያዊ ዳኝነታቸውን እንዲጠቀሙ፣ ያንንም በተሰበሰበ ማስረጃ እንዲያረጋግጡ እንዳይገደዱ በማዕቀፉ ውስጥ ተጽፏል። ይህ የእነሱ ሕግ ነው፤ እዚህ መጥቶ ለሚመረምርዎት ባለሙያ መከራከሪያ አድርገው አያቅርቡት። እሱን የሚያሳምነው ስለማንኛውም ልጅ ሲጠይቅ መምህርቷ ፋይል ሳትገልጥ የምትመልሰው መልስ ነው።

ወላጆቹን ከለውጡ በፊት ሰብስበው ይንገሯቸው፤ በኋላ ቢሰሙት ቸልተኝነት ይመስላቸዋል። የቆርኪውን ዓይነት አንድ ማስታወሻና አንድ የተሞላ ቼክሊስት ጎን ለጎን አሳይተው የትኛው ስለ ልጃቸው እንደሚነግራቸው ይጠይቋቸው።

ጥያቄ

በጀሞ አካባቢ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት የኤልኬጂ መምህርት ነኝ። የልጆቹን ፋይልና የውጤት ካርድ በሥራ ሰዓት መጨረስ ስለማይቻል በየሳምንቱ ቅዳሜ ቤት ወስጄ እሠራለሁ፤ ባለቤቴም «ለዚህ ይከፈልሻል ወይ?» ይለኛል። አይከፈለኝም። ርዕሰ መምህርቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ ሁሉም እንደዚህ እንደሚሠራ ይነግሩኛል። ሕጉ ምን ይላል? ሳልጣላስ እንዴት ልናገር?

መልስ

የግል ትምህርት ቤት ሠራተኛ እንደመሆንዎ የሚመለከትዎት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአዋጁ መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ክፍያውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ከሆነ ሁለት እጥፍ ነው። ነገር ግን አንድ የሚያጣብቅ ነገር አለ፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚባለው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የተሠራው ነው። እርስዎ በራስዎ ፈቃድ ቤት የወሰዱት የሚመስል ሥራ፣ ማንም «ውሰጂ» ብሎ ስላልጻፈልዎት፣ በክርክር ጊዜ ለማስረዳት ይከብዳል። ቅዳሜም በውልዎ ውስጥ የሥራ ቀን መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ።

ስለዚህ በሕጉ ከመጀመር ይልቅ በሥራው ቢጀምሩ ይሻላል እላለሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቤት ወስደው የሠሩትን፣ ቀኑን፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት፣ የሠሩትንም የወረቀት ዓይነት ይመዝግቡ። ከዚያ ርዕሰ መምህርቷን ልጆቹ በሚወጡበት ግርግር ሳይሆን ቀጠሮ ይዘው ያነጋግሯቸው። «እትዬ፣ ይህን ሥራ በጥንቃቄ መሥራት እፈልጋለሁ፤ በሥራ ሰዓት የሚሆን አልሆነልኝም፤ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ላስቀድም፣ የትኛውንስ ልተው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ምርጫውን ወደሚመለከተው ሰው ይመልሰዋል፤ «ሁሉንም ሥሪ» ካሉዎት ያ ትእዛዝ ነው፤ የተነጋገራችሁትን በትሕትና በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ይላኩላቸው። «ሁሉም እንደዚህ ይሠራል» የሚለውን መልስ በተመለከተ፣ እርስዎ ሌሎቹን መምህራን ጠይቀዋል? ብዙውን ጊዜ ሁሉም ለየብቻቸው ቅዳሜን እየሠሩ ሌላው የማይሠራ ይመስላቸዋል። አብረው ቢገቡ ንግግሩ ከአንድ ሰው አቤቱታ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ ይለወጣል።

ሌላም ነገር አለ፤ የልጆች ፋይል ከግቢ ውጭ መውጣት የለበትም። የአንድ ሕፃን የጤና ሁኔታና የቤተሰቡ ስልክ ያለበት ወረቀት በሚኒባስ ውስጥ ተረስቶ ቢቀር ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ያስቡት። ምናልባትም ከሰዓቱ ይልቅ ርዕሰ መምህርቷን ቶሎ የሚያነቃቸው ይህ ነው።

ጥያቄ

በየካ አባዶ የምኖር አባት ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ በየቀኑ በእርማት የተሞላ የሥራ ወረቀትና ፎቶ ያመጣል፤ የ4 ዓመት ልጄ ግን የጭቃ ልብስ እንጂ ሌላ ነገር አያመጣም። መምህሯ እየተከታተለቻት መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ

ማታ ሲወስዷት መምህርቷን «እንዴት ዋለች?» ብለው አይጠይቋት፤ መልሱ ሁሌም «ደህና» ነው። ይልቁንም «በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ተጫወተች? ምን አስቸገራት?» ብለው ይጠይቁ። የምትከታተል መምህርት የልጅዎን ጓደኛ ስም፣ የተጣሉበትን መጫወቻ፣ ልጅዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የቆለፈችውን የጫማ ማሰሪያ ሳትቀር ትነግርዎታለች፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ በሁለት በሦስት ሙከራም «ጎበዝ ናት» ከሚለው ካላለፈ፣ ያኔ ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ። በተረፈ ጭቃው ከየት እንደመጣ ልጅዎን ይጠይቋት፤ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ከእሷ የተሻለ የሚነግርዎት የለም።